የሰፈራችንን ወፍና አውሬ እንዴት እንመዝግብ? ለደሴና ለኮምቦልቻ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ላይ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የታክሲ ጡሩምባ ሳይጀምር የሚሰማ አንድ ጩኸት አለ። ከገደሉ በኩል ይነሳል፣ በጣሪያ ላይ እየተንጫጫ ያልፋል፣ ወደ ማሳው ይወርዳል። በብዙ ቦታ ጋጋኖ ይሉታል። ጥቁር ቡናማ ነው፣ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ፣ ጉሮሮው ላይ ቆዳ የተንጠለጠለበት። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይኖርም። እኛ ግን በየጠዋቱ በነጻ እንሰማዋለን።

ታዲያ ስንት ናቸው? ከአሥር ዓመት በፊትስ ስንት ነበሩ? ሰፈር ውስጥ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ «ድሮ ብዙ ነበሩ።» እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የጻፈው ሰው የለም። ሳይጻፍ የቀረ ነገር ደግሞ ሰፈሩ ሲለወጥ፣ ዛፉ ሲቆረጥ፣ ረግረጉ ሲደርቅ ማስረጃ ሆኖ አይቆምም።

የዜጎች ሳይንስ የሚባለው ይህን ክፍተት የሚሞላ ሥራ ነው። መምህሩ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ተማሪዋ፣ ጡረተኛው በአንድ ዓይነት ዘዴ ያዩትን ይመዘግባሉ። መዝገቡ ወደ ጋራ ቋት ይገባል። ተመራማሪ በሁሉም ቦታ ሁልጊዜ ሊገኝ አይችልም። እናንተ ግን እዚያው ናችሁ። ለመጀመር ዲግሪ አያስፈልግም። ሥርዓት ግን ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ሥርዓቱ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ቅርብ ቦታ ምረጡ፣ ከዚያም አትልቀቁት

አዲስ ቡድን ሲቋቋም መጀመሪያ የሚታሰበው ጉዞ ነው። ቦረና ሳይንት ድረስ ሄዶ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ማየት። ደስ ይላል፣ ዕድሉ ከተገኘ ሂዱ። ግን በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ሩቅ ጉዞ ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ የሚደገም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ብዙ ይናገራል። ለውጥ የሚታየው ያንኑ ቦታ ደጋግሞ በማየት ነው።

ስለዚህ ከቤታችሁ በእግር ወይም በአንድ ባጃጅ የሚደረስ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ምረጡ። ደሴ ከሆናችሁ የጦሳ ተራራ ግርጌ፣ የአዝዋ ገደል አፋፍ፣ ገራዶ ሜዳ ወይም ቦሩ ሜዳ አለ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ የቦርከና ወንዝ ዳር ወይም የየጎፍ ደን ግርጌ አለ። የጎፍ ውስጥ ፅድና ወይራ ስላለ ባህር ዛፍ ብቻ ካለበት ኮረብታ ጋር አነጻጽሮ መቁጠር ጥሩ ሐሳብ ነው።

የሁለቱ ከተሞች ቅርበት ራሱ ሀብት ነው። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሐረጎን ስትወርዱ ግን አየሩም፣ ዛፉም፣ ወፉም ይለወጣል። አንድ ቡድን ከላይ፣ አንድ ቡድን ከታች በአንድ ቀን ቢቆጥሩ የደጋውና የወይና ደጋው ልዩነት በአንድ ገጽ ላይ ይታያል። እኔ ብጠየቅ ሁለቱ ከተሞች እንደ አንድ ቡድን ቢሠሩ እመርጣለሁ።

መንገዱን ስትመርጡ መነሻውንና መድረሻውን በማይጠፋ ነገር ምልክት አድርጉ፤ ድልድይ፣ ዋርካ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ በር። «ከሱቁ እስከ ግንባታው» ብላችሁ ከጻፋችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሱቁም ግንባታውም ሌላ ነገር ሆኖ ይቆያል።

ደረጃ 2፦ አስፈቅዱ፣ ሰላም በሉ፣ ተጠንቀቁ

ባይኖኩላር ይዞ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ጥያቄ ያስነሳል። ተገቢም ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ቀበሌውን አነጋግሩ፣ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትሠሩ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ያዙ። ደን ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ደኑን የሚያስተዳድረውን ክፍል ጠይቁ፣ ጠባቂዎቹንም በስም እወቋቸው። የወታደር ካምፕ፣ ኬላ፣ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት አቅጣጫ ካሜራ አታንሱ። ድሮን ጭራሽ አታስቡ።

ማሳ አቋርጣችሁ ስታልፉ ሰላምታ አይቅር። «እንዴት አደራችሁ» ወይም «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ቆም ማለት በሩን ይከፍታል። ገበሬው ምን እንደምታዩ ይጠይቃችኋል። ባይኖኩላሩን ስጡትና ይይ። ብዙ ጊዜ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ላሳስብ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር። ኮረብታና ጉድባ ውስጥ የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ አትርገጡ፣ ፎቶ ለማንሳትም አትጠጉ። በመጣችሁበት ተመልሳችሁ ለፖሊስ ንገሩ። ከልጆች ጋር ስትወጡ ይህን መጀመሪያ አስረዷቸው። የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንድ ትልቅ ሰው ፊት፣ አንዱ ኋላ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

ደብተር፣ እርሳስና ስልክ ይበቃል። እርሳስ ያልኩት ጉምና ካፊያ ስላለ ነው፤ እስክርቢቶ በርጥብ ወረቀት ላይ ይፈሳል ወይም እምቢ ይላል። ለቡድን አንድ ባይኖኩላር ከተገኘ 8 በ42 የሚለውን ፈልጉ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ የሚያቀርብ ብትይዙ የእጃችሁ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ደሴ ከሆነ ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ፣ ጠዋት ብርዱ አይቻልም።

ደረጃ 4፦ በትክክል ጻፉ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡ። ብዙ መዝገብ የሚበላሸው ወፉን ባለማወቅ አይደለም። ቀኑና ቦታው ስለሚሳሳት ነው።

እያንዳንዱ መዝገብ አራት ነገር ይፈልጋል፦ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ወሬ ነው እንጂ መረጃ አይሆንም። አምስተኛ ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ምን ያህል ደከማችሁ? ስንት ደቂቃ፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰው ሆናችሁ? ሦስት ሰው ለሁለት ሰዓት ፈልጎ 10 ጋጋኖ ማየቱና አንድ ሰው በ15 ደቂቃ 10 ማየቱ አንድ አይደለም።

*መቼ።* መዝገባችንን የምናስገባባቸው ዓለም አቀፍ የስልክ መተግበሪያዎች (ደረጃ 8ን እዩ) የሚያውቁት የፈረንጁን ቀን ነው። እኛ ደግሞ በራሳችን እንቆጥራለን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። ለምሳሌ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም ማለት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2025 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የዓመቱ ልዩነት 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል፤ በዚያ ዓመት እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ስልክ ላይ የቀን መቀየሪያ አለ፣ በሱ አረጋግጡ።

ሰዓቱ ከቀኑ የባሰ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ብለን የምንጽፈውን መተግበሪያው እኩለ ቀን ካለፈ ግማሽ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ጠዋት 1፡15 ስንል ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያደርገዋል። ስለዚህ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ። ጠዋት 12፡30 ማለት 6፡30፣ ጠዋት 1፡15 ማለት 7፡15፣ ቀን 9 ሰዓት ማለት 15፡00፣ ማታ 3 ሰዓት ማለት 21፡00 ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብን ነው። አንድ ጓደኛችን የስልኩን ሰዓት በሀበሻ አቆጣጠር አስተካክሎ ይይዝ ነበር። እንደሱ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ፎቶ ስናነሳ ስልኩ ሰዓቱን ከፎቶው ጋር አብሮ ያስቀምጣል፣ መተግበሪያውም ያንኑ ይወስዳል። ሦስት ወር ሙሉ ያነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ የሌሊት ሆነው ተመዘገቡ። ፀሐይ የሞላበት ፎቶ ላይ ወፏ አበባ እየቀሰመች ነው፣ መዝገቡ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይላል። አንድ በአንድ ማስተካከል ነበረብን። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የሁሉም ሰው ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጉ። ደብተር ላይ የሀበሻውን መጻፍ የለመደ ሰው ይጻፍ፣ ግን አጠገቡ «ሀ» ብሎ ምልክት ያድርግ።

*የት።* «ደሴ» ብቻ አይበቃም። «ሰኞ ገበያ» ብቻም አይበቃም። የስልካችሁን ጂፒኤስ ከፍታችሁ ቁጥሩን ውሰዱ። ደሴ በግምት 11.13 ሰሜን፣ 39.63 ምሥራቅ ናት። ኮምቦልቻ 11.08 ሰሜን፣ 39.74 ምሥራቅ። ከነጥቡ በኋላ አራት አኃዝ ያዙ፤ አራተኛው አኃዝ 11 ሜትር ያህል ነው፣ ለኛ ሥራ ይበቃል። ቁጥሩን በእጅ ስታስገቡ 11 እና 39ን እንዳታገላብጡ። ከተገላበጠ የደሴው ቁራ ሜዲትራኒያን ባህር ላይ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተምሥራቅ ይገኛል። ካስገባችሁ በኋላ ካርታውን ከፍታችሁ ነጥቡ የት እንዳረፈ እዩ።

*ማን።* የተመልካቹን ስም ጻፉ። ሌላ ሰው የነገራችሁ ከሆነ «ሰማሁ» በሉ፣ «አየሁ» አትበሉ።

ደረጃ 5፦ ለይቶ ማወቅ፣ በቁራ ጀምሩ

አንድ ሺህ ዝርያ ለማወቅ አትጨነቁ። በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ ይታወቃል፣ ማንም በአንድ ዓመት አይጨርሰውም። በየቀኑ ከምታዩት ጀምሩ። እኔ ሁልጊዜ በቁራ አስጀምራለሁ። ሁሉም ሰው ቁራን አውቃለሁ ይላል፣ ግን ቁራ አንድ አይደለም።

ደረቱና ማጅራቱ ነጭ የሆነ፣ ቀሪው ጥቁር ቁራ አለ። ይህ በአፍሪካ ብዙ ቦታ የሚገኝ ነው። ሌላው በጣም ግዙፍ ነው፤ ምንቃሩ ወፍራም፣ ከላይ ጉብ ያለ፣ ጭንቅላቱ ኋላ ላይ ነጭ ቦታ አለው፣ ደረቱ ግን ጥቁር ነው። ይህኛው እንደ ጋጋኖው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ጅራቱ እጅግ አጭር ነው፤ ቆሞ ሲታይ ክንፉ ከጅራቱ አልፎ ይወጣል፣ ሲበር ጅራት የሌለው ይመስላል፣ ገደል ይወዳል። እነዚህን ሦስቱን በእርግጠኝነት መለየት የቻለ ሰው ሌላውንም ይችላል። የማየት ዘዴው አንድ ነውና።

ዘዴው ይህ ነው። መጀመሪያ መጠኑን ከሚታወቅ ወፍ ጋር አወዳድሩ፦ ከእርግብ ይበልጣል? ከዶሮ ያንሳል? ቀጥሎ ምንቃሩን እዩ። ከዚያ እግሩን፣ ጅራቱን፣ ሲበር ክንፉ ላይ የሚታየውን ነጭ። ቀለም የመጨረሻ ይሁን፤ በጠዋት ብርሃን ቀለም ያታልላል። ከዚያም ምን እየሠራ ነበር? ብቻውን ወይስ በመንጋ? ይህን ሁሉ መጽሐፍ ወይም ስልክ ሳትከፍቱ ጻፉ። አስቀድማችሁ ሥዕል ካያችሁ ዓይናችሁ ያላየውን አየሁ ይላል።

ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያላችሁ በጋጋኖ ላይ ተጠንቀቁ። ሃዳዳ የሚባል ዘመዱ ዝቅ ባለ ቦታ ይኖራል። ደጋው ወፍ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል፣ ጉሮሮው ላይም የተንጠለጠለ ቆዳ አለው። ሃዳዳ ሁለቱም የሉትም።

ጥንብ አንሳ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው «አሞራ» ብሎ ያልፋል። እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚያንዣብበው፣ ፊቱ ሮዝ፣ ምንቃሩ ቀጭን የሆነው ትንሽ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመዝግቧል። በከተማችን ስለሚታይ ብዙ ያለ ይመስለናል። ለጅብ ወይም ለውሻ የሚቀመጥ መርዝ ሥጋውን የበሉትን ጥንብ አንሳዎች በአንድ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ላይ የሞቱ ካያችሁ በእጅ አትንኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቁጠሩ፣ ቦታውን ያዙ፣ በዕለቱ ለሚመለከተው ቢሮ አሳውቁ።

ከመስከረም ጀምሮ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ እንግዶች አሉብን። ከብት በተሰማራበት ሜዳ ላይ በእግሩ መካከል የምትሯሯጥ፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጅራቷን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የምታደርግ ቀጭን ወፍ ካያችሁ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣች ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ ያያችሁበትንና መጨረሻ ያያችሁበትን ቀን መያዝ ብቻውን ትልቅ መረጃ ነው።

*የአካባቢ ስም።* ሽማግሌዎችን ጠይቁ። «አባቴ፣ ይህን ወፍ ምን ይሉታል?» ብላችሁ ፎቶ አሳዩ። ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቋንቋውን ጻፉ። ወደ ኮምቦልቻ ታችና ወደ ከሚሴ በኩል በኦሮምኛ የሚጠራው ከአማርኛው ሌላ ነው፤ አርጎብኛም አለ። አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስህተት አታድርጉ፣ ሁሉንም ያዙ። ጭላት የሚለው ስም በአንዱ ቀበሌ አንድ ወፍ፣ በሌላው ሦስት ወፍ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከአካባቢው ስም ጎን የሳይንስ ስም የሚያስፈልገው፤ እንደ ጋጋኖው ቦስትሪኪያ ካሩንኩላታ። ስሙ አፋችን ላይ ከባድ ቢሆንም በዓለም ሁሉ አንድ ወፍ ብቻ ይጠራበታል።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ጥንብ አንሳ፣ ዝርያው አልተለየም» ብሎ መጻፍ ክብር ነው። በግምት የተጻፈ ስም ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ያሳስታል።

ደረጃ 6፦ መቁጠር

ጠዋት ውጡ። ከሱብሂ መልስ ወይም ኪዳን ደርሶ ሲበቃ ጥሩ ሰዓት ነው፤ ወፍ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት በጣም ይንቀሳቀሳል። ደሴ ጉም ከዋጣት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ካልተነሳ ተመለሱ። በጉም የተቆጠረን ከጠራው ቀን ጋር ማወዳደር አይቻልም።

በዝግታ ሂዱ፣ በየ200 ሜትሩ ለጥቂት ደቂቃ ቁሙ። የሰማችሁትንም ቁጠሩ። አንድ ሰው ይጻፍ፣ ሌሎቹ ይመልከቱ። ሁሉም የሚጽፍ ከሆነ ወፉን የሚያይ አይኖርም።

ቄራ ላይ እንደሚዞሩት ጭላቶች የሚመላለሱ ከሆነ ያለፈውን ሁሉ አትደምሩ። በአንድ ጊዜ አብረው ያየሃቸውን ትልቁን ቁጥር ብቻ ጻፉ። መንጋ ሲሆን አሥሩን በትክክል ቁጠሩ፣ አሥር ወፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በዓይናችሁ ለኩ፣ ከዚያ ያን መጠን በመንጋው ላይ ደጋግማችሁ አስቀምጡ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠር፣ ከዚያ ያወዳድሩ። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ያስደነግጣል፣ በአምስተኛው ጊዜ ይቀራረባል። አብሽሩ።

የውሃ ወፍ ቆጠራ በአፍሪካ በየዓመቱ በጃንዋሪ ይካሄዳል። በኛ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር ማለት ነው፣ በጥምቀት ሰሞን። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ሐይቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ዳርቻውን በክፍል ከፋፍሉት፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ይያዝ። በሸንበቆውና በፊላው ውስጥ የተደበቀ ብዙ ስለሆነ አትቸኩሉ። አሣ አጥማጆቹን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ታንኳቸው ባለፈ ቁጥር ወፉ ይነሳል፣ የሚወጡበትን ሰዓት አውቃችሁ ከዚያ በፊት ጨርሱ።

ደረጃ 7፦ አውሬው በምልክቱ

ጅብ፣ ጃርት፣ ጥርኝ፣ ሚዳቋ በቀን ላይገኙ ይችላሉ። ምልክታቸው ግን ይገኛል። የጅብ ኩስ ሲደርቅ ነጭ ነው፣ ከበላው አጥንት የተነሳ። የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው ይሰፋል፣ ጥፍሩም መሬት ላይ ይታያል። የነብር ዱካ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፍር አይታይም። የጃርት እሾህ ራሱን ይናገራል። ዱካ ስታነሱ ሳንቲም ወይም እርሳስ አጠገቡ አስቀምጡ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ አንሱ። መጠን የማይታይበት የዱካ ፎቶ ብዙ አይጠቅምም።

የሌሊት ድምፅ ከቤታችሁ በር ሆናችሁ በስልክ ቅዱ። ሰላሳ ሰከንድ ሳትናገሩ ያዙ፣ መጨረሻ ላይ ቀኑንና ቦታውን በድምፃችሁ ጨምሩ። ለጅብ ብላችሁ በሌሊት አትውጡ። የሞተ ቀበሮ፣ ውሻ ወይም የሌሊት ወፍ አትንኩ፣ የእብድ ውሻ በሽታ አለ።

ደረጃ 8፦ ወደ ጋራው ቋት ማስገባት

ሁለት መንገድ እመክራለሁ። ፎቶ ወይም ድምፅ ላላችሁ ለማንኛውም ሕይወት፣ ለወፍም ለቢራቢሮም ለእባብም ለዛፍም፣ አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ። ለወፍ ቆጠራ ኢበርድ የሚባለው። ሁለቱም በነጻ ናቸው። ሜዳ ላይ ዳታ ባይኖር መዝገቡን ስልክ ላይ ይዛችሁ ቤት ስትገቡ ትልካላችሁ።

አይናቹራሊስት ላይ ለአንድ እንስሳ ሁለት ሦስት ፎቶ አስገቡ፦ ሙሉ አካሉ፣ ራሱ ከቅርብ፣ ያለበት ቦታ። ስልኩ በራሱ ስም ይጠቁማችኋል። ጥቆማውን ወዲያው አትቀበሉ። አንዳንዴ እኛ አገር የሌለ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ዝርያ ያመጣል፤ ዝርያው የት እንደሚኖር የሚያሳየውን ካርታ ከፍታችሁ እዩ። ካላመናችሁ «ወፍ» ብላችሁ ብቻ ተዉት፣ የሚያውቁ ሰዎች ይረዷችኋል። ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ኖሮ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በዝርያው ከተስማሙ መዝገቡ ለምርምር ብቁ ይባላል። ለመዝገቡ የመረጣችሁት የአጠቃቀም ፈቃድ የሚያስችል ከሆነም ጂቢአይኤፍ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ቋት ይሻገራል። ግቢ ውስጥ የተተከለ አበባ ወይም የቤት እንስሳ ከሆነ «የዱር አይደለም» የሚለውን ምልክት አድርጉ።

ኢበርድ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ለይታችሁ ያወቃችሁትን ወፍ ሁሉ ጽፋችኋል? ድንቢጧንና ዋኔዋን «የተለመደ ነው» ብላችሁ ከዘለላችሁ መልሱ አይደለም ነው። ሁሉን ከጻፋችሁ ግን አዎ በሉ። ያን ጊዜ ያልጻፋችሁት ወፍ እንዳልታየ ይቆጠራል፣ የመዝገቡም ዋጋ ይጨምራል። ድንቢጥን ቁጠሩ። ዛሬ የተለመደው ነገ ላይለመድ ይችላል።

ደብተሩን አትጣሉ። እያንዳንዱን ገጽ ዕለቱን ፎቶ አንስታችሁ ለሌላ ሰው ላኩ። ስልክ ይሰረቃል፣ ደብተር ይረጥባል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን አይጠፉም።

ደረጃ 9፦ መደበቅ ያለበትን ደብቁ

የነብር መኖሪያ፣ የጉጉት ጎጆ፣ የጆፌ አሞራ ገደል በትክክለኛ ቁጥሩ ለሁሉም መታየት የለበትም። አይናቹራሊስት የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ብዙ ዝርያዎች ቦታ በራሱ ያደበዝዛል፤ እናንተም ለፈለጋችሁት መዝገብ ይህን መምረጥ ትችላላችሁ። ፌስቡክና ቴሌግራም ግን አይደብቁም። እዚያ «ደቡብ ወሎ» ብላችሁ ብቻ ለጥፉ።

ጎጆ አትንኩ፣ ቅርንጫፍ አታጥፉ፣ ለፎቶ ብላችሁ ወፍ አታስነሱ። የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቶ መጥራትም ይቅር፤ ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጫጩቱን ትቶ ይወጣል።

ደረጃ 10፦ ቡድኑና ሰፈሩ

አምስት ሰው ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ ቡና አፍልታችሁ ደብተራችሁን ዘርጉ፣ አጠራጣሪውን አብራችሁ እዩ። ያልተስማማችሁበትን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ላሉ የባዮሎጂ መምህራን ወይም እ.ኤ.አ. በ1966 ለተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማህበር ፎቶውን ልካችሁ ጠይቁ። የሽማግሌዎችን ትዝታም በሌላ ደብተር ያዙ፦ ማን ነገራችሁ፣ ስለ የትኛው ቦታ፣ ከስንት ዓመት በፊት። ከቆጠራው ጋር ግን አትቀላቅሉት።

ከዚያ ውጤቱን ለሰፈሩ መልሱ። ሰው ምን እንደምትሠሩ ሲያይ ነው የሚረዳችሁ። አንድ ትልቅ ካርቶን ወስዳችሁ አሥራ ሦስቱን ወር በሳጥን ከፋፍሉ። ሦስት ወይም አራት ወፍ ምረጡ፣ በየወሩ ስንት እንዳያችሁ በትልቅ ቁጥር ጻፉ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ያልሄዳችሁበትን ወር ሳጥን ባዶ ተዉት። ሄዳችሁ፣ ፈልጋችሁ፣ ያጣችሁበትን ወር ግን 0 ብላችሁ ጻፉ።